ጓንቶ ከየት መጣ

ባለፈው ወር መኪናዬን ላሳይ ጋራዥ ቆሜ ሳለሁ መካኒኩ እጁን በአሮጌ መጽሔት ገጽ ጠረገና ወረቀቱን እግሬ ሥር ጣለው። ቤንዚን የነካው አሮጌ ወረቀት የራሱ ሽታ አለው። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን ሳላስበው ዞር ብዬ በሩ መቆለፉን ላረጋግጥ ፈለግሁ። ጋራዡ በር የለውም፤ ቆርቆሮ ጣሪያና አራት ምሰሶ ነው። መካኒኩ "ምነው፣ የሚከተልሽ ሰው አለ?" ብሎ ቀለደ። የለም አልኩት። ድሮ ግን ነበረ፤ ስሙም ጓንቶ ይባል ነበር።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ሪያድ የገባነው በ2005 ክረምት ነበር። እናቴ ስንዱ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ አባቴ ከከተማው ርቆ በሚሠራ ፕሮጀክት ላይ መሐንዲስ ስለነበር በየሁለት ሳምንቱ ብቅ ይላል። እኔና አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ወንድሜ ካሌብ መላዝ በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። የቤቱ መስኮት በሙሉ በብርማ ወረቀት ተሸፍኗል። ወረቀቱ ለፀሐይ ነው ተባልን። እኔ ቤቱ እንዳይታይ የተጠቀለለ ነበር የመሰለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እውነትም የማይታይ ሰው ገባበት።

ዘምዘምን መጀመሪያ ያየኋት ሰው ክንድ ላይ ነው። በሩ ሲንኳኳ እናቴ ከፈተች፤ ጋሽ ሰኢድ ደረጃው ላይ እያለከለከ ቆሟል፣ በጥቁር ልብስ የተጠቀለለች ሴት ታቅፏል። ጋሽ ሰኢድ ሪያድ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ ሾፌር ነው፤ እናቴን ሥራ ያመላልሳት ነበር። ሴትየዋ እግሯ ወልቋል። ሺፋ ከሚባለው ሰፈር ካንድ ቤት ጠፍታ፣ ከግንብ ላይ ዘላ ነው የወጣችው። ሶፋው ላይ ሲያስቀምጣት አንገቱን ቶሎ አልለቀቀችም።

"እህቴ ስንዱ፣ አንቺም ሌሊት ከልጆቹ ጋር የሚያድር ሰው ቸግሮሻል" አለ ጋሽ ሰኢድ። "እሷም መጠጊያ ቸግሯታል። ኢቃማ የላትም። ወረቀቷ ከፊሏ ጋ ነው።"

ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ከፊል ደግሞ አስመጥቶ የሚያሠራት ሰው ማለት እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። እናቴ ብዙ አሰበች። የጠፋች ሠራተኛ ማስጠጋት እኛንም የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ግን ሌሊት ተረኛ ነበረች፣ እኛ ደግሞ ልጆች ነን። ዘምዘም በዚያው ቀረች።

ከባቲ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ ከሃያ ብዙም ያላለፈች የወሎ ልጅ ናት። እግሯ ከዳነ በኋላ ድምፅ አልነበራትም። ጫማ አታደርግም፣ መብራት አታበራም፣ ድስት ስትከድን ክዳኑን በጨርቅ ይዛ ነው። ከጀርባዬ መጥታ "መክዬ" ስትለኝ ነፍሴ ትወጣለች። የበር ደወል ከጮኸ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ትገባና ሰውየው እስኪሄድ ትንፋሿን ውጣ ትቆማለች። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ጠባይዋ ቆጥሬው ነበር። አንዳንድ ሰው ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፣ ዘምዘም ትጠፋለች።

ጸጉሬን ስትሠራኝ ግን ታወራለች። ወሬዋ ሁሉ ጋሽ ሰኢድ ነው።

"ወላሂ፣ በሩን ከውጭ ነበር የሚቆልፉብኝ። እሱ አልፎ አልፎ ለዚያ ቤት ዕቃ ያመጣ ነበር። አንድ ቀን በመታጠቢያ ቤቷ መስኮት 'ወንድሜ' ብዬ ተጣራሁ። በሳምንቱ መኪናውን ከግንቡ ሥር አቁሞ ዝለይ አለኝ። ዘለልኩ። እግሬ ግንቡን መትቶ ወለቀ እንጂ በክንዱ ቀለበኝ።"

"ባይቀልብሽስ?"

"ቀለበኝ አልኩሽ እኮ" ብላ ጸጉሬን ትጎትተዋለች።

መጽሔቶቹን ያመጣልን ይኸው ጋሽ ሰኢድ ነው። ባጥሐ ገበያ ካሮጌ ዕቃ ሻጭ ያገኛቸው፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ በሲባጎ የታሰሩ የዐረብኛ የሥዕል መጽሔቶች ነበሩ። መኪናው ኋላ ከቤንዚን ጀሪካን ጋር ከርመው ኖሮ ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። እኛ ዐረብኛ ገና ፊደሉንም አልለየንም። ሥዕል ለማየት ግን ፊደል ምን ያደርጋል?

አንደኛው ላይ አፍ የሌለው ጭምብል ያጠለቀ፣ ግራጫ ካባና ግራጫ ጓንት ያደረገ ሰውዬ ነበር። ስሙን ማንበብ ስላልቻልን ጓንቶ አልነው። እንደ አማርኛ መጽሐፍ ከግራ ገልጠን ጀመርን። መጀመሪያ ሕዝብ ተሰብስቦ ያጨበጭባል። ጓንቶ ከሕዝቡ መሀል አንዲት ሴት ያቅፋል። ሴትየዋ አንገቱን ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች። ወደሚነድ ሕንጻ ይወስዳታል፣ በጢሱ መሀል ደረጃ ይወጣል፣ ከላይኛው ፎቅ እሳቱ መካከል ያስቀምጣታል። ባዶ እጁን ይወጣል። እሳቱ ይጠፋል። መንገዱን ተሻግሮ ምንም ያልነካውን ሕንጻ ቆሞ ያያል። መጨረሻው ገጽ ላይ ጓንቶ የለም፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያይ ትንሽ ልጅ ብቻ አለ።

 

"ሰዎቹ ለምን ያጨበጭባሉ?" አልኩ።

"ወዴት እንደሚወስዳት አያውቁማ" አለ ካሌብ።

ካሌብ ለጥርጣሬ የተፈጠረ ልጅ ነበር። አባታችን "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ሲል ሰምቶ ተረቱን ሃይማኖቱ አድርጎታል። ትምህርት ቤታችን ደግሞ ከየአገሩ የመጡ ልጆች የተሰበሰቡበት ስለነበር በዕረፍት ሰዓት ወሬው ሁሉ ስለ ጀግኖች ነው። ይኼኛው ኃይሉን ከየት አገኘ? ያኛው ጭምብሉን የማያወልቀው ምን ደብቆ ነው? ሰው አድናለሁ ብሎ ግማሽ ከተማ የሚያፈርሰውስ ለምን አይከሰስም? አንድ ሱዳናዊ ልጅ "ያላጠፋ ጀግና የለም" ይል ነበር፤ "ካላጠፋ ምን ሊክስ ነው ቀን ከሌት የሚሮጠው?" ካሌብ ይህን ሁሉ ቤት ይዞ ይመጣና ጓንቶ ላይ ይሞክረዋል።

የካሌብ ግምት እንዲህ ነበር። እሳቱ የሚጠፋው ሰው ሲበላ ነው። ከተማው እንዳይቃጠል ጓንቶ አንዳንድ ሰው እየወሰደ ይሰጠዋል። ክፉ አይደለም፤ ሥራው ነው። ጓንት የሚያደርገው እጁ የሰዎቹን ሙቀት እንዳያስታውስ ነው። እኔ ደግሞ ልጁን ነበር የማስበው። በቁልፍ ቀዳዳ የሚያየው ልጅ ቀጣዩ ተወሳጅ ነው አልኩ። ካሌብ ትንሽ አሰበና "ሊሆን ይችላል" አለኝ። አይሆንም ቢለኝ ምን ነበረበት? ከዚያ ቀን ወዲህ በራችን ላይ ያለችውን ማያ ቀዳዳ ሳልፍ ዓይኔን እጨፍን ጀመር።

ታዲያ አንድ ከሰዓት ደወሉ ጮኸ። ዘምዘም ጠፋች። ካሌብ ሄደሽ እዪ አለኝ፤ በእግር ጣቶቼ ቆሜ አየሁ። ፊት አይታይም፤ የመጣው ሰው ጎንበስ ብሏል። የሚታየው የዱቄት ከረጢት የያዘ ግራጫ ጓንት ነው።

ጋሽ ሰኢድ ነበር። ሁልጊዜም ጓንት ያደርግ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። የሪያድ ሾፌር መሪ እንዳያቃጥለው ጓንት እንደሚያደርግ ማን ይንገረኝ? ዱቄቱን አስቀምጦ ራሴን ሲዳብሰኝ ጎንበስ ብዬ ከእጁ ሥር ወጣሁ። ካሌብ ከሶፋው ጀርባ ያየኛል።  ሰውዬው ሴት ታቅፎ በራችን ላይ የቆመበትን ቀን ሁለታችንም እያሰብን እንደነበር አውቃለሁ።

ከኩሽናችን መስኮት ውጪ ሕንጻውን ከላይ እስከ ታች የሰነጠቀ ጠባብ የአየር መውጫ ነበር። ፀሐይ አይገባውም። የየቤቱ ሠራተኞች በዚያ በኩል ይነጋገራሉ፣ ፊት ለፊት ግን ተያይተው አያውቁም። ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት አዛን ካበቃ በኋላ፣ ከታች አንዲት ሴት በአማርኛ ትጣራለች።

"እህቴ፣ አለሽ?"

"አለሁ" ትላለች ዘምዘም። "አንቺስ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ።"

ሌላ ብዙ አያወሩም። እኔ ሴትየዋ ጉድጓዱ ውስጥ የምትኖር ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ ወረቀት የሌላቸው ሳይቀጡ ከአገር እንዲወጡ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ አለቀና ወረቀት የሌለው ሰው ከየመንገዱ፣ ቀጥሎም ከየቤቱ ይታፈስ ጀመር። አንድ ቀን አዛኑ አበቃ፣ ድምፁ አልመጣም። ዘምዘም መስኮቱ ጋ ጠበቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ "እህቴ፣ አለሽ?" አለች። ቆየ። ከታች የወንድ ሳል ተሰማ። ዘምዘም መስኮቱን ዘግታ መስታወቱን በእጇ ተደግፋ ቆመች። ላጽናናት ብዬ እጇን ብይዘው በረዶ ሆኗል። "አብሽሪ መክዬ፣ ምንም የለም" አለችኝ፤ አጽናኙ ተቀየረ።

ጓንቶን በትክክል ያነበበችልን ዘምዘም ናት። ልጅ ሳለች ቁርኣን ቀርታ ስለነበር መጽሔቱን አንስታ ገና ከመያዟ ሳቀች።

"ኧረ እናንት ልጆች፣ ከጭራው ነው እኮ የያዛችሁት። ዐረብኛ ከቀኝ ነው።"

ከቀኝ ገለጠችው። ልጁ በቁልፍ ቀዳዳ ያያል፤ ያድግና ጓንቶ ይሆናል። ሕንጻው ይነዳል፣ ጓንቶ ይገባል፣ ሴትየዋን አቅፎ ያወጣል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ይኸው ነው። ተራ ጀግና ነበር። እኔ እፎይ ብዬ ልስቅ ስል ካሌብ ጣቱን ሁለተኛው ገጽ ላይ አሳረፈ።

"እሳቱ ገና አልተነሳም። ጢስ እንኳ የለም። ታዲያ እዚህ ቆሞ ምን ይሠራል?"

እውነቱን ነው። ጓንቶ ከሕንጻው ማዶ ቆሞ ሰላም ያለውን መስኮት ያያል። ዘምዘም ገጹን ለረጅም ጊዜ አየችው። "ማን ያውቃል" ብላ መጽሔቱን ከደነችና ወደ ኩሽና ሄደች። ያን ቀን ራት ስትሠራ ሽንኩርቱ አረረባት።

መጋቢት ላይ አቧራው መጣ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሰማዩ ብርቱካንማ ነበር፤ ከሰዓት ላይ ጭራሽ ጨለመ። በመስኮቱ ወረቀት ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ግድግዳውን ሁሉ የእሳት ቀለም ቀባው። ጥርሳችን ሥር አሸዋ ይንቋቋል። በዚያ መሀል ደወሉ ጮኸ። ጋሽ ሰኢድ ነው፤ አፉን በሻሽ ሸፍኗል፣ ዓይኑ ብቻ ይታያል። አፍ የለውም። ካሌብ እጄን ጨመቀኝ።

እናቴ ቤት ነበረች። ጋሽ ሰኢድ ሳይቀመጥ ተናገረ።

"እህቴ፣ የሕንጻው ዘበኛ ላይኛው ቤት ማነው የሚያድረው ብሎ ጠይቆኛል። ከዚህ በኋላ አይሆንም። ለዘምዘም ቤት አግኝቻለሁ። ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው። ከፊሏን አነጋግረው ወረቀቷን ወደነሱ ያዞራሉ፣ ኢንሻአላህ። ነገ መጥቼ እወስዳታለሁ።"

"ጥሩ ሰዎች ናቸው?" አለች እናቴ።

"ጥሩ ይመስላሉ።"

ዘምዘም ከመታጠቢያ ቤቱ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ትሰማለች። "እሺ" አለች። "አላህ ይስጥህ።" እሱም ወጣ።

እናቴ ወደ ሥራ ስትዘጋጅ ዘምዘም ለመጨረሻ ጊዜ ጸጉርሽን ልሥራልሽ ብላ ጉልበቷ መሀል አስቀመጠችኝ። ክፍሉ ብርቱካንማ ነው።  ዘምዘምን እወዳታለሁ፤ ወደ እሳት ሊወስዳት ነው፤ ለማንም ብናገር ልጅ ነሽ ይለኛል። ስለዚህ ካሌብ ቢሆን የሚጠይቀውን ጠየቅኋት።

"ዘምዜ፣ መጀመሪያ ሺፋ፣ እዚያ ቤት የወሰደሽ ማነው?"

ሚዶው ቆመ።

"ሾፌር ነዋ። ከአየር ማረፊያ።"

"ምን ይመስላል?"

"አላየሁትም። አሞኝ ነበር፣ ዓይኔን አልገለጥኩም።" ሚዶው እንደገና ተንቀሳቀሰ። "ጓንቱን ብቻ ነው ያየሁት።"

ዞሬ ሳያት ፊቷ እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም። አገኘሁት ብዬ አሰብኩ። ለካ አሁን ገና ገባት፣ እኔ ነኝ ያሳየኋት። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ሹሩባውን ጨረሰችልኝ። ጫፉን እንደ ሁልጊዜው አጥብቃ አሰረችው።

ጠዋት እናቴ ከሥራ ስትገባ ዘምዘም ለብሳ፣ ትንሽ ጓዟን አጠገቧ አድርጋ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች። "ተርሒል ውሰጂኝ" አለቻት። ተርሒል ወደ አገር የሚመለሱ ሰዎች እጃቸውን የሚሰጡበት ቦታ ነው። እናቴ ለመነቻት። ባዶ እጅሽን ምን ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ ቤት ተገኝቶልሻል፣ ትንሽ ታገሺ አለቻት። ዘምዘም አንገቷን በእንቢታ ነቀነቀች። ካሌብን ግንባሩን ሳመችው። እኔን ሁለቱንም ጉንጬን ይዛ "ኸላስ" አለችኝ፣ "አታልቅሺ።" ያን ቀን ብቻ ጫማዋ ደረጃው ላይ ሲሰማ ሰማሁት።

ከሰዓት ጋሽ ሰኢድ መጣ። አቧራው ረግቷል።

"ሄዳለች ወንድሜ" አለችው እናቴ።

"ከማን ጋር?"

"በሩ ድረስ ሸኘኋት። ብቻዋን ተርሒል ገባች።"

ጋሽ ሰኢድ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሲቀመጥ የሽማግሌ አቀማመጥ ነበር። ካሌብ ከእናቴ ጀርባ ብቅ ብሎ፣ እንዴት እንደደፈረ አላውቅም፣ "መጀመሪያ እዚያ ቤት ያስገቧት እርስዎ ነዎት?" አለው።

"ካሌብ፣ አፍህን ያዝ!"

"ተዪው እህቴ።" ጋሽ ሰኢድ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። "እኔ ነኝ። አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ። እንጀራዬ ነው። መንገድ ላይ ራሷን ስታ ነበር፤ በክንዴ ይዤ ነው ያስገባኋት። ስወጣ በሩ ከኋላዬ ተቆለፈ። የቁልፉን ድምፅ ሰማሁት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ሄድኩ። ግን ያ ድምፅ አልለቀቀኝም። ለሌላ ቤት ሥራ አለኝ እያልኩ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ ዕቃ ላመላልስላችሁ ብዬ ተጠጋሁ። እስክትጠራኝ ድረስ።"

 ካሌብ ያሸነፈ ልጅ ፊት አልነበረውም፤ አንገቱን ደፍቶ ወደ ውስጥ ገባ። ጋሽ ሰኢድም የደረጃውን ብረት ይዞ ተነሳና ወረደ። ከዚያ ወዲያ እናቴን የሚያመላልሳት ሌላ ሾፌር ነበር፤ እሱን አላየሁትም። እኔ ጓንቶን ከዚያ በኋላ ከግራም ከቀኝም አነበብኩት። በሁለቱም በኩል ሴትየዋ አንገቱን ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች፤ በሁለቱም በኩል እግሯ መሬት አይነካም።

ሰንበት ብሎ ስልክ ተደወለ። እናቴ ሥራ ላይ ነበረች፣ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከኋላው በግ ይጮሃል።

"መክዬ፣ ደህና ነሽ? ባቲ ገብቻለሁ።" ጩኸቷ ገረመኝ። ዘምዘም ጮክ ብላ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። "ጋሽ ሰኢድ መጣ ወይ?"

"መጣ።"

"ምን አለ?"

ያለውን ሁሉ ነገርኳት፣ የቁልፉንም ድምፅ፣ መኪናው ውስጥ የቆየውንም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ዘምዜ?" አልኳት።

"አለሁ። አውቀው ነበር መክዬ። ስትጠይቂኝ ገና የገባኝ መስሎሽ ነበር አይደል? ከግንቡ ላይ ሲቀልበኝ ነው ያወቅሁት። ክንዱን አወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን ምንም አላልሽውም?"

"ምን ልበለው? አወጣኝ እኮ።"

"ታዲያ ለምን ጠፋሽበት?"

"አልጠፋሁበትም። ያገኘው ቤት ጥሩም ይሆን ነበር፣ አላህ ያውቃል። ግን ሲያስገባኝ በክንዱ፣ ሲያወጣኝ በክንዱ። እናንተ ቤትም እግሬ ወልቆ ተሸክሞኝ ነው የወጣው። ደግሞ ሊያነሳኝ መጣ።" በጉ ጮኸ፤ ሂድ ስትለው ሰማሁ። "እዚያ ተርሒሉ በር ላይ እናትሽ ልትደግፈኝ ክንዴን ያዘችኝ፤ አልነገረችሽም? ልቀቂኝ አልኳት። በዚያ አገር በእግሬ የገባሁት በር እሱ ብቻ ነው።"